አምሳ አለቃ የሺጥላ በኮሪያ የሰገዱት ስግደት

ይህን ጽሑፍ ላልጽፈው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወረቀቱን ከሰል ማንደጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። አንደኛው ምክንያቴ ፍርሃት ነው፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው ምክንያቴ ግን ከፍርሃት ይከብዳል። የአምሳ አለቃ የሺጥላ ወልደ ሥላሴን ታሪክ ለመተረክ የምገባ ሰው ስለመሆኔ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። መጻሕፍትን ማንበብ እንጂ ሰውን ማንበብ የማልችል መሆኔን ያወቅሁት በእርሳቸው ምክንያት ነውና። በአራተኛው ሙከራዬ የጸናሁት ባለቤታቸው እትዬ ታየች ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «እኔም ሳልሞት ጻፈው፤ ሌላ የሚያውቅ የለም» ስላሉኝ ነው።

አምሳ አለቃ የሺጥላ፣ እኛ የሰፈሩ ልጆች የምንጠራቸው ጋሼ የሺጥላ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር በአንዲት ሁለት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። ግቢያችን የሚለየው በአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው። ከጦር ሠራዊቱ ከተሰናበቱ ጀምሮ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የበር ዘበኛና ደወል ደዋይ ነበሩ። ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ሲራመዱ ቀኝ ትከሻቸው ይቀድማል። እትዬ ታየች ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ፈትል ያቀርባሉ። ልጅ አልወለዱም። እትዬ ታየች ከባላቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንስሐ ገብተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በቁስቋም ማርያም አብረው መቁረብ። ጋሼ የሺጥላ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «ትንሽ ቆዪ፣ አንድ የማጣራው ነገር አለኝ» ሲሉ ኖሩ። ምን እንደሚያጣሩ ለሚስታቸውም አልነገሩም።

ለእኔ የነገሩኝ በ1969 ዓ.ም. ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ መጽሐፍ ይዤ በበሩ ስገባና ስወጣ ያዩኛል።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ንባብህ ለሰው ይጠቅማል ወይስ ለዓይንህ ብቻ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንጃ ጋሼ። እስካሁን ለማንም አልጠቀመም።»

«እንግዲያው ለእኔ አንድ ነገር አንብብልኝ» አሉና ከዘበኛ ቤቱ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው የኮሪያን ነገር አወጉኝ።

ነገሩ የሆነው በ1945 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ጋሼ የሺጥላ በቃኘው ሻለቃ ውስጥ ተራ ወታደር ነበሩ። ከአንድ ምሽግ የሚያድር፣ ዓምሃ የሚባል የአንኮበር ልጅ ጓደኛ ነበራቸው። ጎህ ሲቀድ ከቅኝት ሲመለሱ የሞርታር ጥይት መካከላቸው ወደቀ። ጋሼ የሺጥላ ከአፈር ውስጥ ተነሥተው ሲመለከቱ ዓምሃ በሁለት እጁ ሆዱን ይዞ ተቀምጧል።

«የሺ፣ ቀበቶዬ ተፈታ መሰለኝ፤ እሰርልኝ» አላቸው።

የተፈታው ቀበቶው አልነበረም። በጣቶቹ መካከል የሚወጣው አንጀቱ ነበር።

ተሸክመውት ሮጡ። ወደ ሻለቃው የሚወስደው መንገድ በመድፍ እየታረሰ ስለነበር ያገኙት መጠለያ ጣሪያው በግማሽ የወረደ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። በውስጡ ራሱን የተላጨ፣ ግራጫ ልብስ የለበሰ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ሸሽተው እርሱ ብቻ ቀርቷል። መነኩሴው አንዳች ሳይጠይቅ የልብሱን ዘርፍ በጥርሱ ቀድዶ የዓምሃን ሆድ አሰረ። ዓምሃ ለመሞት እስከ ቀትር ድረስ ጊዜ ወሰደበት። ጮኸ፤ እናቱን ጠራ፤ መነኩሴው ራሱን በጭኑ ላይ ይዞ ግንባሩን ሲያብስለት ጣቱን ነክሶ አደማው። በመጨረሻ «ቄስ አምጣልኝ» አለ። የሻለቃው ቄስ ከኮረብታው ማዶ ነበሩ። ዓምሃ ያለ ቄስ ሞተ።

ያን ጊዜ መነኩሴው ከእንጨት የተፈለፈለ ትንሽ ከበሮ መሰል ነገር እየመታ ዜማ አወጣ። ፍንጣሪ ግማሽ ፊቱን የወሰደው በወርቅ የተቀባ የቡድሃ ሐውልት ነበር፤ በፊቱ ሦስት ጊዜ ሰገደ። ጋሼ የሺጥላም እስከ ክርናቸው በጓደኛቸው ደም እንደ ተነከሩ አብረውት ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ከዚያ መነኩሴው ሬሳውን የሚያጥቡበት ውሃ ሊቀዳ ባልዲ ይዞ ወጣ። ሌላ ጥይት ከውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወደቀ። ጋሼ የሺጥላ ሲደርሱ ያገኙት አንድ እግርና የባልዲውን እጀታ ነው።

«እንግዲህ ያን ቀን ለማን ነው የሰገድኩት?» አሉኝ። «ለሌላ አምላክ ከሆነ ሃይማኖቴን ክጃለሁ። ለአንድ የሞተ መምህር ክብር ከሆነ ግን የጨዋ ሰው ሥራ ሠራሁ እንጂ አልበደልኩም። የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ልናዘዝ? ሳልናዘዝስ እንዴት ልቁረብ?»

እስከዚያ ድረስ መልስ ያገኙት ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ሚስተር ጉናፓላ የሚባሉ የሲሎን ሰው በትምህርት ቤታችን ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ጋሼ የሺጥላ በወታደር እንግሊዝኛቸው ጠይቀዋቸው ኖሯል። ሚስተር ጉናፓላ «ቡድሃ ሰው ነበር፤ ሞቷል። እኛ ለሐውልቱ አበባ ስናኖር መምህራችንን ማክበራችን ነው። ከመከራ የሚያወጣህ የራስህ ትጋት እንጂ የእርሱ ምልጃ አይደለም። እኔ ፍልስፍና ነው እለዋለሁ» ብለው አጽናኗቸው። ጋሼ የሺጥላ እፎይ ሊሉ ሲሉ ግን መምህሩ፣ ሐቀኛ ሰው ነበሩና፣ «የኮሪያዎቹ ግን ከሌላ ቅርንጫፍ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ልመሰክር አልችልም» ብለው ጨመሩ። በ1967 ወደ አገራቸው ሄዱ። የጋሼ የሺጥላ ነፍስ በዚያ «ግን» ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

እኔም ሦስት ሳምንት ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት እየተመላለስኩ ከኢንሳይክሎፔዲያ ገለበጥኩላቸው። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝቼ በአማርኛ ጻፍኩ። በመሐል ገጽ ላይ ዛፍ የመሰለ ሥዕል አደረግሁ፤ በየክቡ ውስጥ ስም፣ ከክብ ወደ ክብ መስመር። ቦታ ለመቆጠብ ስሞቹን በአንዳንድ ፊደል አሳጠርኳቸው፤ ለቴራቫዳ «ቴ»፣ ለማሃያና «ማ»፣ ለቫጅራያና «ቫ»። ከየሥራቸው የሚከተሏቸውን አገሮች እንዲሁ በፊደል አኖርኩ። ይህ ንጽሕና የተሞላበት አጻጻፌ ያኮራኝ ነበር።

«ስንት ነው ቅርንጫፉ?» አሉኝ ደብተሩን ሳነብላቸው።

«ሦስት ትልልቅ ናቸው ጋሼ። ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር የሚቆጥሩም አሉ። የሚስተር ጉናፓላ ቴራቫዳ ይባላል፤ ጥንታዊው ነው፤ ሲሎን፣ በርማና ሲያም ይከተሉታል። የቲቤቶቹ ቫጅራያና ነው፤ ምሥጢራዊ ሥርዓት ይበዛዋል።»

«የእኔው መነኩሴስ?»

«ከማሃያና ነው። እነርሱ ቦዲሳትቫ የሚሏቸው አሉ። ወደ ዕረፍት መግባት ሲችሉ፣ ሌላው ሁሉ ሳይድን አንገባም ብለው የቀሩ ናቸው። ሕዝቡ ይለምናቸዋል።»

«ይለምናቸዋል? እንደ ቅዱሳን?»

«እንደዚያ... ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ጋሼ የሺጥላ ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ ሃይማኖት ነው ወይስ ፍልስፍና? ቁርጡን ንገረኝ።»

«ፈጣሪ የሚሉት ስለሌላቸው ፍልስፍና ነው የሚሉ አሉ። ገዳም፣ መሐላ፣ ስግደት፣ ሲኦልም ስላላቸው ሃይማኖት ነው የሚሉም አሉ። መጽሐፉ ራሱ አልቆረጠም።»

«ሁለት ልብ የሆነ መጽሐፍ ይዤ መምሬ ኃይለ መለኮት ዘንድ አልሄድም» አሉ። መምሬ ኃይለ መለኮት የቁስቋም ቄስና የሁለቱም የነፍስ አባት ናቸው። ቢሆንም ደብተሩን ተቀብለው ከፍራሻቸው ሥር አኖሩት። ባስቀመጡበት በአምስተኛው ወር፣ በየካቲት 1970፣ አሰሳ ሆነ።

አብዮት ጠባቂዎች ማለዳ መንደሩን ከበው ቤት ለቤት ፈተሹ። ከጋሼ የሺጥላ ቤት የኮሪያ ሜዳልያቸውንና ያን ደብተር አገኙ። እኔን ከደብተሩ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር ሳይኖር፣ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ሲለቀም አብሬ ተለቀምኩ። ከአንድ ባለጸጋ በተወረሰ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የእህል ጎተራ በነበረ ክፍል ሃያ ሦስት ሰዎች ታጎርን። ከምርመራው ክፍል የሚለየን የጣውላ ግድግዳ ብቻ ስለነበር የሚመረመረው ሰው ሲተነፍስ እንኳ ይሰማናል።

መርማሪው መዝገቡ የሚባል ወጣት ነበር። በዚያው በእኛ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ስድስት ወር የፖለቲካ ትምህርት ወስዶ የተመለሰ ካድሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቶለሳ የሚባለውን የታክሲ ረዳት ጠየቀው። ቶለሳ ስቆ የሚያስቅ ልጅ ነበር፤ ሲወስዱት «ሂሳቤን ጨርሼ ልምጣ» ብሎን ሄደ። ሲመልሱት የውስጥ እግሩ ሥጋ ተልጦ፣ ጣቶቹ እንደ በሰለ ቲማቲም ፈርጠው ነበር። «ይህ ወደ ከፍተኛ ይለፍ» ተባለ። በማግስቱ ማለዳ ውሃ ሊቀዱ የወጡ ሴቶች ከአስፋልቱ ዳር አገኙት፤ በደረቱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ካርቶን ተለጥፎበታል። እናቱ ሬሳውን እንዳትነሣ ተከልክላ እስከ ቀትር አጠገቡ ቆማ ዝንብ ስታባርር እንደዋለች ምግብ ያመጡልን ሰዎች ነገሩን። «ከፍተኛ» ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ የሺጥላ ተጠሩ።

«ይህ የማን መዋቅር ነው?» አለ መዝገቡ። ደብተሩን እየገለጠ መሆኑን ከወረቀቱ ድምፅ አወቅሁ። «ክብ፣ መስመር፣ ክብ። ቴ ማነው? ማ ማነው? ቫ የሚባለው የት ነው ያለው?»

«የቡድሃ ሃይማኖት... ማለቴ የቡድሃ ትምህርት ቅርንጫፎች ናቸው።»

«ቡድሃ ማነው? የየት ቀበሌ ሰው ነው?»

«ሞቷል።»

«መቼ ተገደለ?»

«አልተገደለም፤ አርጅቶ ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ይሆነዋል።»

የጥፊው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ። «ትቀልዳለህ፣ አንተ የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ!»

«መዝገቡ፣ አርፍደህ ስትመጣ በሩን የምከፍትልህ እኔ አልነበርኩም? ስቀልድ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«ጓድ መዝገቡ በል! ጓድ!»

ዘቅዝቀው ሰቀሏቸው። ወፌ ላላ ይሉታል፤ እጅና እግርን አስረው በጉልበት ሥር እንጨት አሳልፈው ውስጥ እግርን በኤሌክትሪክ ገመድ መግረፍ ነው። እያንዳንዱን ምት ቆጠርኩ። አርባ ሦስት ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ። በመካከል «ምን ይላል ይህ ቡድሃህ?» ብሎ ሲያፌዝ፣ ጋሼ የሺጥላ በተሰበረ ድምፅ «መኖር ሥቃይ ነው ይላል፤ የጀመረው ከዚያ ነው» አሉ። ገራፊዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ ጨመሩላቸው።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«የዘበኛ ጽሕፈት እንዲህ አያምርም። ነገ እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ፤ አንድ ገጽ ትገለብጣለህ። ካልገጠመ የእነዚያን ልጆች ደብተር ከየቤታቸው አስመጥቼ አስተያያለሁ።»

ሁለት ሰዎች ጋሼን ጎትተው አምጥተው ከአጠገቤ ጣሏቸው። ከእግራቸው የሚወጣው ደም ገለባውን አረጠበው። ጋሼ የሺጥላ ፊደል የቆጠሩት ሠራዊት ውስጥ ነው፤ ጽሕፈታቸው እንደ ሕፃን ልጅ ነበር። የእኔ ጽሕፈት ያለባቸው አሥራ አንድ ደብተሮች ደግሞ ከአልጋዬ ሥር ተደርድረዋል። እኔ ነኝ የጻፍኩት ብሎ መናገር የሚቻል ነገር ነበር። አፌ አልተከፈተም። እርሳቸው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዘቡ በሩን ከፍቶ ውሃ ሊያስገባ ዞር አለ። የጎተራው በር ከወፍራም ብረት የተሠራ ነው። ጋሼ የሺጥላ በጉልበታቸው ድኸው ሄደው ቀኝ እጃቸውን በማጠፊያው በኩል በበሩና በመቃኑ መካከል አስገቡ።

«ና፣ በሩን በኃይል ግፋው» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ጋሼ...»

«ግፋው እልሃለሁ! ቶሎ!»

እጄን በሩ ላይ አደረግሁ፤ ግን አልገፋሁም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው በግራ ትከሻቸው ራሳቸው ገፉት። አጥንቱ ሲደቅቅ የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ፈቀቅ ብለው እንደገና ገፉት። ከዚያ እጃቸውን አውጥተው ተመለከቱት። ሦስቱ ጣቶች ወደማይታጠፉበት ተጣጥፈው ነበር። ላብ ፊታቸውን አጥቦት «በቃ፣ አሁን ያስጽፈኝ» አሉ።

መዝገቡ እስክሪብቶውን ይዞ መጥቶ ወደ ምርመራው ክፍል ሲያስወስዳቸው እጃቸውን አየ። እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፁ ግን የደከመ ነበር።

«ተንኮለኛ ሽማግሌ። ስማ፤ ሪፖርቱ እስከ ቀትር ከፍተኛ መድረስ አለበት። አንድ ቃል ልጽፍ ነው፤ ቃሉን አንተ ምረጥ። ይህ ነገር ሃይማኖት ከሆነ የሽማግሌ ቅዠት ነው። እሑድ በስብሰባ ራስህን ትሂሳለህ፣ ደብተሩ ይቃጠላል፣ ማን እንደጻፈው አያገባኝም። ፍልስፍና ከሆነ ግን የሚያጠና ክበብ አለ፤ ክበብ ካለ መሪ አለው። መሪውን ከእነዚህ ልጆች መካከል እፈልገዋለሁ፤ እንደ ቶለሳም አደርገዋለሁ። ሃይማኖት ነው ወይስ ፍልስፍና?»

በጣውላው ስንጥቅ በኩል አያቸው ነበር። ጉልበታቸው ላይ የተኛውን የተሰባበረ እጅ እያዩ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከማንም አፍ ሊሰሙ የፈሩት ቃል አሁን ከራሳቸው አፍ ተፈለገ። መልሱን እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ እኔም አላውቅም፤ መጽሐፉም አልቆረጠም።

«ሃይማኖት ነው» አሉ።

«አንተ በዚህ ሃይማኖት ምን አደረግህ?»

«ሰገድኩ።»

«ለማን?»

«ለሌላ አምላክ።»

ስብሰባው ሆነ ተብሎ በእሑድ፣ በቅዳሴ ሰዓት ተጠራ። መምሬ ኃይለ መለኮትም እንደ ሌላው ነዋሪ ተገደው መጥተው ነበር። ጋሼ የሺጥላን በሁለት ሰው ደግፈው መድረክ ላይ አቆሟቸው፤ ቃላቸውንም አንድ በአንድ ደገሙ። «ኮሪያ ሳለሁ ለጣዖት ሰግጃለሁ።» አንዳንዱ ሳቀ። አንድ ጎረምሳ «ቡድሃ!» ብሎ ጮኸ፤ ስሙም ተለጥፎባቸው ቀረ። እትዬ ታየች ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ባላቸውን አዩ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ተቀመጡ። ያን ቀን እኛም ተፈታን።

የተሰባበረውን እጃቸውን ጳውሎስ ሆስፒታል አክመው ሦስት ጣት ቆረጡላቸው፤ ሐኪሙም እጁ ክብደት እንዳይነካው አስጠነቀቃቸው። ከሳምንት በኋላ ዐቢይ ጾም ገባ። ጋሼ የሺጥላ በከዘራ እየተንፏቀቁ ቁስቋም ወጥተው ተናዘዙ። መምሬ ኃይለ መለኮት «ለሌላ አምላክ መስገድህን በሕዝብ ፊት በአፍህ መስክረሃል፤ እኔ አፍህን ልክድልህ አልችልም» አሏቸው። ጾሙን ሙሉ በየቀኑ መቶ መቶ ስግደት ቀኖና ሰጧቸው። ቀኖናውን ከፈጸሙ በትንሣኤ ከታየች ጋር እንደሚያቆርቧቸውም ቃል ገቡላቸው።

ስግደት ደግሞ በሁለት እጅ መሬት መደገፍን ይጠይቃል።

በአጥሩ ክፍተት በኩል አያቸዋለሁ። ማለዳ በግቢያቸው ይቆማሉ፤ ይወድቃሉ፤ በሚነሡ ጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለው እጅ ከመሬት ላይ ቀይ ምልክት ትቶ ይነሣል። በሁለተኛው ሳምንት ጨርቁ ጠቆረ። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው በአጥሩ በኩል ደረሰኝ። አጥሩን ዘልዬ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ከልክሎዎታል!»

«ሐኪሙ የከለከለው እጄን ነው።»

«ሃይማኖት ነው ያሉት ለእኔ ብለው ነው። መምሬ ዘንድ ሄጄ ልንገራቸው፤ ቀኖናውን ያነሡልዎታል።»

«ዝም በል!» አሉ፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «መዝገቡ መምሬን በየሳምንቱ እያስጠራ ይጠይቃቸዋል። የማያውቁትን ሊናገሩ አይችሉም። አንተ ሂድና ትምህርትህን አጥና። ለትንሣኤ አምስት ሳምንት ቀረው፤ ከዚህ የባሰ አሳልፌያለሁ።»

ታዘዝኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስከለከል ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ ቁስቋም ጉዞ ጀምሬ ከግማሽ መንገድ ተመልሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የታዘዝኩትን መፈጸሜ ነው ብዬ ለራሴ አስረድቻለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት እጃቸው እስከ ብብታቸው አበጠ። እትዬ ታየች እያለቀሱ ሲለምኗቸው፣ «መቶውን ልጨርስ» አሉ። ያን ማለዳ ስልሳ ያህል ሰግደው ወደቁ፤ አልተነሡም። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ሲያወርዷቸው ሰውነታቸው እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ትንሣኤ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መርዙ ወደ ደማቸው ገብቶ ሞቱ። ሳይቆርቡ ሞቱ።

በሣልስታቸው መምሬ ኃይለ መለኮትን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሩን፣ በሩን፣ የመዝገቡን ጥያቄ ነገርኳቸው። ቄሱ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን አልነገረኝም? እኔ የነፍስ አባቱ አይደለሁም?»

«ለቀበሌ እንዳይናገሩ ፈርተው ነው።»

«እኔ እናገራለሁ ብሎ?» አሉ በቁጣ። ከዚያ ቁጣው ከፊታቸው ላይ ወረደ። «ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ አስቀምጠው ነበር የጠየቁኝ። አላወቅሁም፤ አልተናገርኩም። ባውቅ ኖሮ... እንጃ ልጄ።» ቀና ብለው አዩኝ። «እውነት ግን ምንድን ነው? ሃይማኖት ነው?»

«አላውቅም አባቴ። በሲሎን አንድ ነው፣ በኮሪያ ሌላ ነው፣ በቲቤትም ሌላ ነው። እርሳቸውም አያውቁም ነበር።»

«እንግዲያው ያላወቀውን ነው የመሰከረው። በራሱ ላይ ነው የመሰከረው» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እትዬ ታየችንም በዚያው ቀን ሐዘን ቤት ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው በጥፊ መቱኝ፤ ደገሙኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። የያዛቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ፊቴን አላዞርኩም።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ ታየው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አይ ነበር።»

«እኔስ ሚስቱ? ለጣዖት የሰገደ ነው ብዬ ስድስት ሳምንት ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ይህንንም ታውቃለህ?»

ይህን አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነ። መዝገቡ ከሁለት ወር በኋላ በራሱ ጓዶች ተይዞ ወደ ከፍተኛ ተላለፈ፤ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። እኔ ዛሬም ተማሪ ነኝ። ስለ ቡድሃ ትምህርት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ቅርንጫፎቹን ከእነ ንዑሳን ክፍሎቻቸው መዘርዘር እችላለሁ። ሃይማኖት ነው ወይስ ፍልስፍና ለሚለው ግን ከሊቃውንቱ አንዱን ካንዱ የማስበልጥበት እውቀት የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አምሳ አለቃ የሺጥላ ወልደ ሥላሴ ሌላውን ሰው ለማዳን በራሳቸው ላይ ያላወቁትን የመሰከሩ ሰው ነበሩ። ያለ አንዲት ስግደት፣ ያለ አንዲት ቀን ቀኖና፣ ከባለቤታቸው ጋር መቁረብ ይገባቸው ነበር።